እማዬ ስም ሳትጠራ እንግሊዝኛ የተማረችበት ክረምት

በእኛ ቤት ሱሪ የሚባል ነገር የለም። ታጥቦ የሚሰጣ፣ ተተኩሶ የሚታጠፍ፣ አባዬ ለብሶት መኪናውን የሚነዳ ነገር አለ፤ ስሙ ግን «እግር የሚገባበት» ነው። «አንቺ ልጅ፣ ዝናብ መጣ! እግር የሚገባበቱን አስገቢ!» ትላለች እማዬ፣ እኔም ሮጬ ከገመድ ላይ አወርዳለሁ። ሱቅም የለንም። ያለን «ዕቃ የሚሸጥበት» ነው። ሱፍ ልብስ ደግሞ «ሙሽራ የሚለብሰው» ይባላል፣ የለበሰው ሰው የስድስት ልጆች አባት ቢሆንም እንኳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። እሷ ባደገችበት ቤት ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን መተው ብቻ ሳይሆን፣ እንደዚያ ስም የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች። አክብሮት ነው። የአያቴ፣ የአባዬ አባት፣ ስም የሚጀምረው በ«ሱ» ነው። ሙሉውን እዚህ አልጽፈውም፤ ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የምታነበው እማዬ ናት፣ መሃል ላይ ስሙ ድንገት ቢጋረጥባት ወረቀቱን ትጥለዋለች። ለእሷ ከተውኩ ደግሞ የሌላውንም ሰው ስም ትቼዋለሁ። ማንም እንዳይቀየመኝ።

እኔ ሰው ሁሉ እንደዚህ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። አፀደ ሕፃናት እያለሁ መምህርቷ ስዕል አንስታ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እግር የሚገባበት!» አልኩ በኩራት።

«ጫማ ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ እስከ ወገብ የሚገባበት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቤት መጥቼ ሳለቅስ እማዬ ፀጉሬን እየዳበሰች «እነሱ ናቸው የማያውቁት» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

እማዬ የምትሠራው አዳማ ውስጥ ካሉት የስብሰባ ሆቴሎች በአንዱ፣ ልብስ እጥበት ክፍል ነው። ክፍሉ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ወደ ታች በደረጃ የሚወረድበት ቦታ ነው፤ መስኮቱ ጣሪያው ሥር ተሰቅሎ ከውጭ የሚያሳየው የመኪና ጎማ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ በጀት ሊዘጋ ሲል ከየመሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና የሚመጣው ሰው ከተማውን ይሞላዋል፣ የእማዬም ክፍል በእንፋሎት ይሞላል። እንግዶቹን የምታውቃቸው በልብሳቸው ነው። ማታ ስትገባ ወሬዋ ሁሉ ስለ እነሱ ነው።

«ዛሬ ያ ወጥ ደረቱ ላይ የሚያፈሰው መጣ። ዛሬ እንኳን ሽሮ ነው።»

«ያቺ ሽቶዋ ታጥቦ የማይለቀው ደግሞ አለች።»

«ማስቲካ ኪሱ ውስጥ ረስቶ የሚልከው፣ እሱን አንድ ቀን ባገኘው!»

አግኝታው ግን አታውቅም። አንዳቸውንም በዓይኗ አላየችም። ሸሚዙ ይመጣል፣ ሸሚዙ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከሪሴፕሽን ልጆች አንዷ አግብታ ሀዋሳ ገባችና ቦታው ተከፈተ። ሥራ አስኪያጇ፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች የአዲስ አበባ ሴት፣ ከውስጥ ሠራተኞች መካከል እንግሊዝኛ የሚችል ካለ ፈትኜ አስገባለሁ አለች። መልካሳ ወዳለው የእርሻ ምርምር የሚመጡት ፈረንጆች የሚያርፉት እዚያ ሆቴል ነውና ያለ እንግሊዝኛ አይሆንም።

እማዬ እራት ላይ እጇን ከትሪው አንስታ «እኔ እፈተናለሁ» አለች።

«እንግሊዝኛ ትችያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። አልሞተም፣ ተኝቶ ነው።» ደግሞም፣ «እኔ የሰው ፊት ማየት እፈልጋለሁ፣ ልጄ። ሸሚዝ ሰልችቶኛል» አለች።

በማግስቱ አስተማሪዋ ሆንኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እኔ እንግሊዝኛውን ከስልኬ እየሰማሁ እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፣ ሥራ ደግሞ የለኝም።

«ተማሪ! ተነሺ!»

«በጥፊ እንዳልልሽ።»

«ይቅርታ፣ እማ። ቁጭ በይ።»

የጀመርነው «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ሁዝ» ከሚባሉት ነው፤ ሰውን ወይም ዕቃን በወሬው ለመለየት የሚያስፈልጉት ቃላት ናቸው። በአማርኛ ወሬው ይቀድማል። «ትናንት ማታ ከሻሸመኔ የመጣው ቦርጫም ሰውዬ» ስንል ሰውዬው ብቅ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ዘ ማን» ብሎ ሰውዬውን ቀድሞ ያወጣዋል፣ ከዚያ «ሁ» ይልና ወሬውን ከኋላው ያስከትላል። ይህን በምችለው ሁሉ አስረዳኋት።

እማዬ ግንባሯን ቋጠረች። «ቆይ፣ ቆይ። እኛ ሰውዬውን እቤት ውስጥ አልብሰን፣ አሳምረን ነው የምናወጣው። እነሱ ራቁቱን በር ላይ አውጥተው ነው የሚያለብሱት?»

«እንደዛ በይው።»

«አያፍሩም?»

«እማ!»

«ብርድ ይመታዋል'ኮ!»

ከዚያ በኋላ «ዘ ማን» ባለች ቁጥር ደጅ የቆመው ሰውዬ ያሳዝናታል መሰለኝ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ተጣድፋ ታለብሰዋለች። «ዘ ማን — ሁ ኬም — ፍሮም ሻሸመኔ — የስተርዴይ!» ብላ ስትጨርስ እፎይ ትላለች፤ ካፖርቱን ያስያዘችው ይመስል።

ልምምዱ በረንዳ ላይ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል፤ እኛ አላፊ አግዳሚውን እየመረጥን በእንግሊዝኛ እናለብሳለን። አጥር የምትጋራን ሴትዮ ዶሮዋ የእኛን ጎመን ለቅማ ጨርሳለችና እማዬ ሴትዮዋን አትለቃትም። «ዘ ዉማን ሁዝ ችክን ኢትስ አወር ጎመን» አለች አንድ ቀን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሴትዮዋ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ጎመን ስትሉ ሰማሁ። ስለ እኔ ነው?» አለች።

«ኧረ በፍጹም! ስለ ትምህርት ነው» አለች እማዬ። «ልጄ እያስተማረችኝ ነው።»

«ትምህርቱ ውስጥ ዶሮ አለ?»

«አለ» አልኩ እኔ። «ምዕራፍ አንድ ላይ።»

የገረመኝ ነገር ቢኖር እማዬ ወሬ የማያልቅባት መሆኗ ነው። እኔ የአንዱን ሰው ስም ጠርቼ ዝም እላለሁ። እሷ ግን ከተዳረች ጀምሮ ነገርን በስሙ ሳይሆን በሥራው፣ በመልኩ፣ በቦታው ስትጠራ ኖራለች፤ «ሁ» እና «ዊች» እጇ ላይ እንደ አሮጌ ካውያ ተመቿት።

ግሶቹ ላይ ግን ተንገላታን። «ዋንት» ሌላ ግስ ሲከተለው መሃል ላይ «ቱ»ን ይፈልጋል። «ኢንጆይ» «ቱ»ን ሲያይ ይሸሻል፣ የሚከተለው ግስ መጨረሻ ላይ «ኢንግ» ካልተቀጠለ አይቀበለውም። «ሜክ» እና «ሌት» ደግሞ ሁለቱንም አይፈልጉም። አማርኛ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ «አስጠበቅኩት» ትላለህ፣ በአንድ ቃል አለቀ። እማዬ ግን «አይ ሜክ ዩ ቱ ዌት» ትላለች፣ እኔ አቋርጣታለሁ፣ ትደግመዋለች፣ አቋርጣታለሁ።

«‹ሜክ› ‹ቱ›ን አይወድም አልኩሽ።»

«ምን አደረገው?»

«ምንም። አይወድም፣ በቃ።»

ድንገት ፊቷ በራ። «አሃ! አማትና ምራት ናቸዋ! አንዱ ባለበት ሌላው አይጠራም።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግሶቹን በዝምድና አጠናቻቸው። «ዋንት» እና «ቱ» ባልና ሚስት ናቸው። «ኢንጆይ» ልጅ ካላዘለች ከቤት የማትወጣ እናት ናት፣ ልጇ «ኢንግ» ነው። «ሌት» ወንደላጤ። «ስቶፕ» ደግሞ ከ«ቱ»ም ከ«ኢንግ»ም ጋር እየታየ ወሬው በየቀኑ የሚለዋወጥ ሰው ነው፤ እሱን «ይቅርብኝ» ብላ ተወችው። የትኛውም መማሪያ ላይ እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም፤ እኔ ግን አሁን ራሴ ፈተና ላይ ስቀመጥ የማስታውሰው በእሷ ዝምድና ነው።

የፈተናው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ቢሮው ከሪሴፕሽኑ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ በሯ ወደ ሎቢው ይከፈታል። ሥራ አስኪያጇ እኔን ስታይ ቅንድቧን አነሳች።

«ልጄ ናት» አለች እማዬ። «አስተማሪዬ።»

«አስተማሪሽ ከሆነች ትቀመጥ። ዝም የምትል ከሆነ።»

ዝም አልኩ። ሥራ አስኪያጇ እንግዳ ሆና በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ እማዬ ትመልሳለች። ክፍሌ ውስጥ ሙቅ ውሃ የለም አለቻት። እማዬ ቀሚሷን ጨበጥ አድርጋ፣ «ሻወር የሚጠግነውን ሰው አሁን እንዲመጣ እነግረዋለሁ» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ ሰውዬውን አስቀድማ፣ «ሁ» ብላ ሥራውን አስከትላ ተናገረች። ከዚያ «ዉድ ዩ ማይንድ ዌይቲንግ?»፣ ቢጠብቁ ቅር ይልዎታል ወይ፣ ብላ ጨመረች። «ማይንድ»፣ እንደ «ኢንጆይ»፣ ልጁን አዝሎ! ከወንበሬ ልዘል ምንም አልቀረኝ።

ሥራ አስኪያጇ ፈገግ አለች። «ቬሪ ጉድ። አሁን ለአንድ እንግዳ ስልክ ተደውሎለታል፣ ሎቢው ውስጥ ተቀምጧል። በስሙ ጥሪው። ስሙም...» ብላ አፏ ላይ የመጣላትን ስም ጠራች።

የአያቴን ስም!

አገሩ በስም ተሞልቶ! በእርግጥ ብርቅ ስም አይደለም፤ ከሞጆ እስከ ዝዋይ ባሉት ከተሞች ብትጠሩት በየመንገዱ ዞር የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ያን ቀን፣ ያን ሰዓት!

እማዬ ደረቀች። በበሩ ወደ ሎቢው ተመለከተች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች፤ «ዘ ጀንትልማን... ሁ ኢዝ ዌይቲንግ ፎር ኤ ፎን ኮል...»

«ስሙን» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«...ሁ ኢዝ ሲቲንግ ኒር ዘ ዊንዶው...»

«ስሙን ብቻ!»

«...ሁዝ ሹዝ አር ብራውን!» አለች እማዬ፣ በጭንቀት ድምፅዋ ከፍ ብሎ።

ይኼኔ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ የነበረ ሰው፣ እውነተኛ እንግዳ፣ ጫማውን ወደ ታች አየ። ቡናማ ነው። ተነሥቶ እስከ በሩ መጣና «እኔን ነው የፈለጋችሁት?» አለ።

ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቀን መለስነው። እማዬ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናለች፤ እኔ ዝም እላለሁ ያልኩትን ትቼ ነገሩን ሁሉ አስረዳሁ። ሥራ አስኪያጇ ሳቋን አቆመችና እማዬን በደንብ አየቻት።

«እንግሊዝኛሽ በቂ ነው። የምሬን ነው። ግን እንግዳ ደስ የሚለው በስሙ ሲጠራ ነው፤ ‹ቡናማ ጫማ ያለው› መባል የሚፈልግ የለም። እዚህ ሆቴል ይህ ደንብ ነው። ነገ የዚህ ስም ባለቤት ሻንጣውን ይዞ ቢመጣ ምን ልታደርጊ ነው?» ወረቀቶቿን ሰበሰበች። «ሰኞ ነይ። በዚሁ ስም እንደገና እንሞክራለን።»

ባጃጅ ውስጥ አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ። «እማ፣ ስም'ኮ ብቻ ነው! ያን ሁሉ ተምረሽ በአንድ ስም?»

«‹ብቻ› አትበይ» አለች፣ በቀስታ። «አዲስ ሙሽራ ሆኜ ዓለም ጤና፣ አያትሽ ቤት፣ የገባሁ ክረምት ወባ ጣለኝ። አባትሽ መንገድ ላይ ነበር። በጋሪ ጭነው መቂ ድረስ የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ካፖርታቸውን አውልቀው እኔ ላይ ጣሉት። እኔ ለእሳቸው ምን ሰጠኋቸው? ይሄን ብቻ ነው የሰጠሁት። ስማቸውን አልጠራሁም።»

የባጃጁ ሹፌር እንኳ የከፈተውን ዘፈን ቀነሰ።

ቅዳሜ ወደ አያቴ ሄድን፤ ለነገሩ በየወሩ የምንሄድበት ቀን ደርሶ ነበር። እማዬ ሚኒባሱ ውስጥ «አንዲት ነገር ትንፍሽ እንዳትይ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔ እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም፤ በመስኮት የቆቃን ውሃ ሳይ ነበር።

አያቴ የሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ ተንበርክከው አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። እማዬ ቤት ውስጥ ምሳ ልትሠራ ቀርታለች። «ኮቱ፣ ኢንታላ ኮ!» አሉኝ፣ «ነይ፣ ልጄ» ማለታቸው ነው። አጠገባቸው ተንበረከክኩ፣ አንድ አረም ነቀልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ቡናማ ጫማው ጋ ስደርስ ሳቃቸው አላስቀምጥ ብሏቸው ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጭቃውን ከእጃቸው ላይ በቀስታ ያራግፉ ጀመር።

«ስሜ አዳማ ድረስ ሄዶ ነው ልጄን ሥራ የከለከላት?»

«ስምዎ ምንም አላደረገም፣ አባባ። እሷ ናት።»

«ስንት ዘመኗ ነው ይሄን ስትሸከም» አሉ። «እኔ ቀላል ይመስለኝ ነበር።»

ምሳ ላይ ጉርሻውን ከጎረሱ በኋላ «ልጄ፣ ሰማሁ» አሏት። እማዬ እኔን አየችኝ። ያን ዓይን አልመኝላችሁም።

«የተከበርኩት እኔ ነኝ፣ የምፈቅደውም እኔው ነኝ። እስቲ ጥሪኝ።»

«አልችልም፣ አባ።»

«ሞክሪ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። «ሱ...»

«እሺ! የቀረውስ?»

«በቃ፣ አባ! ይተዉኝ!»

«ግማሼን ነው'ኮ የጠራሽው! ሆቴላችሁ ግማሽ ሰው ያስገባል?»

እኔ በሳቅ ውሃው ትን አለኝ። እማዬም ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። አያቴ ያኔ መቀለዱን ተዉት። «ስሚኝ» አሏት። «እቤት ውስጥ እንደለመድሽው ሁኚ፤ እኔም አባ መባሉን ወድጄዋለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ጋ የሚመጣው ግን እኔ አይደለሁም። የሌላ እናት ልጅ ነው፤ ደክሞት አልጋ የሚፈልግ ሰው ነው። እሱን በስሙ ጥሪልኝ።» እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። «ስሜ እንጀራ ይሁንልሽ።»

«አሜን» አለች እማዬ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ።

ሰኞ ጠዋት ያቺው ጠባብ ክፍል ገባን። ሥራ አስኪያጇ ያንኑ ስም ተናገረችና «እንግዳው ሎቢ ውስጥ ነው፣ ጥሪው» አለች። እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ «ሚስተር» ብላ ጀመረችና ሙሉውን፣ ከ«ሱ» እስከ መጨረሻው ፊደል፣ በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። እናቴ ስትሳደብ የሰማሁ ያህል ደነገጥኩ።

«ፍጥነቱ በዛ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ሰውዬው አይሰማሽም። በዝግታ።»

እማዬ ዓይኗን ገለጠችና በዝግታ ደገመችው። ጉንጮቿ ቲማቲም መስለዋል።

«ሀው ዋዝ ኢት?» አለቻት ሥራ አስኪያጇ፣ እንዴት ነበር እንደማለት።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «አይ ኢንጆይድ ሴይንግ ኢት» አለች፣ ማለቱን ወድጄዋለሁ። ቀጥላ ደግሞ «ባት ፕሊዝ ዶንት ሜክ ሚ ሴይ ኢት ኤቭሪ ዴይ!» በየቀኑ ግን እንድለው አታድርጊኝ አለች።

«ሜክ»፣ ያለ «ቱ»! እኔ አጨበጨብኩ። ሥራ አስኪያጇም አጨበጨበች፣ ለግሱ ይሁን ለስሙ አላውቅም።

ሥራ የጀመረች ቀን ምሳዋን ረስታ ስለሄደች ላደርስላት ሆቴሉ ድረስ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ቆማለች፣ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ደረቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ነጭ ምልክት ተሰክቶ። እማዬን በሰፈር የሚጠሯት በእኔ እናትነት ነው፤ እጥበት ክፍል «እቱ» ነበር የሚሏት፤ አባዬ «ስሚ» ይላታል። ስሟን የሚጠራ ሰው እኔ ራሴ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ረጅም ፈረንጅ ሻንጣውን እየጎተተ ገባ፣ ፊት ለፊቷ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ደረቷ ላይ ያለውን አነበበና «ጉድ ሞርኒንግ» ብሎ ስሟን ጠራት።

እማዬ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች።

ግድግዳ ብቻ ነው የነበረው። ተመለሰች፣ ሰውዬውን ፊቱን አየችው፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «የስ» አለችው። «ኢትስ ሚ።»